ከትልቁ መንጋጋ ኋላ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም... ጠራራ ፀሐይ። ሰው ሠራሽ ጥርስ በምሠራባት ክፍሌ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ነበርን።

መዶሻ ይዟል።

ሊሰብር የመጣው የልጃችንን የጥርስ ቅርጽ ነው። ሚጣ በስምንት ዓመቷ፣ ትኩሳት እሷን ሳይነጥቀኝ በፊት፣ እየተሳሳቅን የአፏን ልክ ወስጄ በጄሶ ሠራሁት። የላዩና የታቹ በማጠፊያ የተያያዘ ነው። ይኸው አራት ዓመት፣ ሥራ ስሄድም ቤት ስገባም ከእጄ አይለይም። ሰው ፎቶ ያቅፋል፣ እኔ ጥርስ። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው።

"በቃ፣ ልጄን አሳርፊያት" አለኝ። "አንቺንም ልቀብርሽ ነው እንዴ?"

እውነቱን ነው፤ ከሰው ተራ ወጥቻለሁ። እሺ አልኩት። ልሰናበታት ብዬ አነሳሁትና ከፈትኩት...

ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት።

ስትሞት ከወተት ጥርሶቿ ኋላ፣ በየጎኑ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቻ ነበራት። በስድስት ዓመት ግድም የሚወጣው። ከእሱ ወዲያ ባዶ ድድ ነበር።

አሁን እዚያ ባዶው ቦታ ላይ ሌላ ጥርስ ብቅ ብሏል።

ከፊተኛው ትንሽ ያንሳል። ብዙውን ጊዜም እንደዚያው ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ግድም የሚወጣው መንጋጋ ከመጀመሪያው ያንሳል።

ሚጣ ብትኖር ዘንድሮ አሥራ ሁለት ይሞላት ነበር።

"አንቺ ነሽ የቀረጽሽው" አለ በሹክሹክታ።

"አይደለሁም።"

"በሚጣ ማይልኝ።"

"በሚጣ።"

ጣቱን ሰዶ ድዱን ነካ። ቶሎ መለሰው።

"ይሞቃል..."

እኔም ነካሁት። በጥርሱ ዙሪያ ጄሶው አብጧል።

"ሲወጣ ያማል?" አለኝ።

"አንዳንዱን ልጅ... ያማል።"

"ብቻዋን ነው የሚያማት?"

አራት ዓመት ሙሉ ስለ ራሴ ሐዘን ሳለቅስ፣ ያማት ይሆን ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ድዷን ቀስ እያደረገ ያሽላት ጀመር።

ያኔ የጄሶው የላይኛው መንጋጭላ ወረደ... ማንም አልነካውም። ጣቱ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ጠበቅ አደረገው።

"አውጣው" አልኩት።

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። እንባው ጄሶው ላይ ይንጠባጠባል።

"አይዞሽ የእኔ እናት" አላት። "ንከሺ።"

ደሙ በትልቁና በትንሹ ጥርስ መሃል ሲወርድ አየሁ። ጣቱን ግን አላወጣም።