ስልኩ እስኪጠራ

ሟቹ አስፋልት ዳር በጎኑ ወድቋል። መዳፉ ላይ ስልክ በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ «ባለቤቴ» የሚል ይነበባል። ጋዜጣው ይህን ፎቶ የፊት ገጹን አስሞልቶ አወጣና «ያልተመለሰ ጥሪ» አለው። አንባቢው አለቀሰ፤ ጋዜጣውም እንደ ጉድ ተሸጠ።

ሚስትየው የባሏን ሞት ያወቀችው ከዚሁ ፎቶ ነው።

«ገጭቶ ያመለጠው ሾፌር ተይዟል፤ አምኗልም» አለቻት መርማሪዋ።

«እሱን አይደለም የምጠይቅሽ፣ እህቴ። መጀመሪያ ስደውል ስልኩ ተዘጋብኝ። ሥራ ይዞ ይሆናል ብዬ ታገስኩ። ባሌ ስልኩን የሚይዘው በኮቱ የውስጥ ኪስ ነው፤ ቆልፎ። ማነው ያወጣው?»

ሾፌሩ ከመኪናው አልወረደም። መርማሪዋ አደጋው የደረሰበት ቦታ አጠገብ ያለውን የመጋዘን ዘበኛ አስጠራች። ሬሳው አጠገብ በመታየቱ ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ብሎታል።

«ስልኩን ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«ኧረ ልጆቼን! ሰውዬውን ላነሳው ስሮጥ ባለካሜራው ‹አትንካው፣ ማስረጃ ታጠፋለህ!› ብሎ ጮኸብኝ። ፖሊስ መስሎኝ ራቅሁ።»

ፎቶ አንሺው እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ገባ። በዚሁ ፎቶ ለሽልማት ታጭቷል።

«ፎቶው የተቀነባበረ ነው ይባላል» አለችው መርማሪዋ።

ቱግ አለ። «እኔ? ኮምፒውተር ላይ ነካክቼ አላውቅም! ይኸው የካሜራዬ ካርድ፤ ራስሽ እዪው!»

የሙያ ክብሩን ላስጠብቅ ብሎ መታሰሪያውን በገዛ እጁ አቀበላት።

ካርዱን ከፈተችው። እውነትም አልተነካካም። በመጀመሪያው ፎቶ የሰውዬው እጅ ባዶ ነው፤ ጣቶቹ የአስፋልቱን ጠርዝ ጨብጠዋል። በሚቀጥለው እጁ ወደ ካሜራው ተዘርግቷል። ከዚያ መዳፉ ላይ ስልክ አለ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ቀጥሎም ጨለማ። ቀጥሎም። በመጨረሻው በራ።

«በሕይወት ነበር» አለች።

ፎቶ አንሺው ካርዱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ኪሱ ውስጥ ሲጠራ አውጥተህ ዘጋኸው። ለምን?»

«ድምፁ ሰው እንዳይሰበስብብኝ። ድምፁንም አጠፋሁት።»

«ከዚያስ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«እንደገና እስክትደውል። መብራቱ ከሌለ ተራ ፎቶ ነው የሚሆነው።» ቀጥሎ ድምፁን አለሰለሰ። «ሕዝብ እኮ የማወቅ መብት አለው።»

መርማሪዋ ብዙ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አብዛኞቹ ቢያንስ አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህ ግን ሰው ሞቶ ስለ መብራት ያስረዳታል። ከልቧ ተጸየፈችው።

በሩን ሆን ብላ ገርበብ አድርጋው ነበር። ሚስትየው ሁሉንም ሰምታ ገባች። ምንም ሳትናገር የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለች።

ጠረጴዛው ላይ፣ ለምርመራ ቻርጅ ተደርጎ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለው የባሏ ስልክ በራ። «ባለቤቴ» ይላል። ድምፅ የለውም፤ እሱ ካጠፋው ወዲህ ማንም አልከፈተውም።

ፎቶ አንሺው ፊቱን አዞረ።

«መልስልኝ እንጂ» አለችው ሚስትየው። «ይኸው፣ በርቶልሃል።»