ፍስሐ ያልጻፈው የይለፍ ቃል

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ነገሌ ቦረና፣ የምሠራበት ክሊኒክ፣ የራጅ ክፍል።

ኮምፒውተራችን የበሽተኞችን ራጅ በራሱ ጊዜ አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ይልካል። የሚልክበት ዲጂታል ቁልፍ ግን የሚከፈተው በይለፍ ቃል ነው። የመላኪያውን ፕሮግራም የሠራው ፍስሐ፣ ቃሉን እዚያው ውስጥ መጻፍ አይወድም ነበር።

"ቤትህን ቆልፈህ ቁልፉን በሩ ላይ ትሰቅላለህ እንዴ?" ይለኛል።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁላችንንም ያስወጣና ራሱ ያስገባዋል። ጭኑ ላይ የሚያስቀራት የእኔን ልጅ ትንቢትን ብቻ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ብሎ።

"ጋሼ ፍስሐ በእኔ ጣት ነው የሚጽፈው!" እያለች ትኩራራብኝ ነበር።

"ቃሉን ለአለቃ አሽገህ ስጥ" ስንለው "ነገ" አለ። ነገ ሳይደርስ፣ ከሻኪሶ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተ።

እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቀ...

የሚላከው ደግሞ የትንቢት ራጅ ነው። ልጄ ማዶ ክፍል ኦክስጅን ላይ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። በስልኬ አንስቼ ብልክለት ሐኪሙ "አይነበብም፣ ዋናውን" አለ። አዲስ ቁልፍ ከአዲስ አበባ የሚፈቀደው ሰኞ ነው።

ሰኞ... ልጄ ለሰኞ አትደርስም።

ከነርሷ ከቀድሪያ ጋር ያልሞከርነው ቃል የለም። የእናቱ ስም... የሰፈሩ ስም... ስህተት።

"በቃ" አልኳት።

"ዝም በል..." ክንዴን ጨብጣ አንሾካሾከች። "ኢላሊ... እይ፣ ኪቦርዱን እይ!"

የነካው ሰው የለም። ግን እየተጫነ ነው። ቀስ ብሎ... አንድ በአንድ... ፊደል እንደሚፈልግ ሰው እየቆመ።

ፍስሐ የሚጽፈው በዐሥር ጣቱ ነበር። ይሄ ግን አንድ ጣት ነው...

በአንድ ጣት የምትጽፍለት የእኔ ትንቢት ነበረች።

"ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ስልኬ ጮኸ። ልጃችን አጠገብ የተቀመጠችው ባለቤቴ ወለላ ናት። "ሄደችብን..." እያለች ታለቅሳለች።

የፍስሐ ወንበር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ማንም የለበትም... ስፖንጁ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።