የሴቶቹ ድንኳን ቪዲዮ

ይሄ ተረት አይደለም። ሄርሜላን አውቃታለሁ፣ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት።

2002 ዓ.ም.፣ ክረምት። ጅማ፣ ሄርማታ፣ ከገበያው ጀርባ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ገና በብርሃን።

ሄርሜላ ቪዲዮ ቤት አላት። እስላም ሰርግ ላይ የሴቶቹን ድንኳን ወንድ አይቀርፅም፤ እሷን ይጠራሉ። ሴቶቹ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ይጨፍራሉ። ቪዲዮው ለሙሽራዋ እናት ብቻ ይሰጣል። ሄርሜላ ቃሏን ሰጥታ ነው የምትገባው።

ግን ሥራ በዛባት። ቪዲዮ ሁሉ ስልክ ላይ እንዲከፈት አንድ በአንድ መቀየር ሰለቻት። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራ አደረገችው። አንድ ፎልደር ውስጥ የጣለችውን ሁሉ ይቀይራል፣ ቀይሮም ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ዘፈንና ቪዲዮ በሚሞሪ የምትሞላበት ፎልደር ውስጥ ይከታል።

የሐጂራን ሰርግ ሳታስበው እዚያው ጣለችው።

ሳምንት ሳይሞላ የሐጂራ ጭፈራ አጋሮ ድረስ በየወንዱ ስልክ ገባ።

ባሏ "ራስሽ ነሽ ያሰራጨሽው" ብሎ ወደ እናቷ መለሳት።

እናቷ አዴ ረሺዳ ሄርሜላ ሱቅ መጡ።

"ማሎ ልጄ፣ በፈጠረሽ... ካንቺ ነው የወጣው?"

"ኧረ እኔ አይደለሁም አዴ!"

"በስህተት ከሆነም እኔ አልቆጣሽም። ለባሏ አንድ ቃል ብትነግሪልኝ ይመልሳታል።"

"እኔ ምን አውቄ ልንገርልዎት?"

አዩዋት... ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ።

እንዳልሰማች ሆና ወደ ሥራዋ ዞረች። የቦሳ አዲስ ሰፈር ጴንጤዎችን ሰርግ አስገባች። ተቀይሮ ሲወጣ ከፈተችው።

መዘምራኑ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም...

ከኋላቸው አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ፀጉሯን ለቃለች።

ያልተቀየረውን ከፈተች። ሴትየዋ የለችም።

እንደገና አስቀየረችው።

አሁን ከፊት ረድፍ ናት። ጀርባዋን እንደሰጠች...

የሰው ምርቃት አስገባች። የሰው ልደት። ሁሉም ውስጥ አለች።

ከጎን ፀጉር ቤት ያላትን ሶሲን ጠራቻት።

"ሶሲ... ይቺ ትታይሻለች?"

"አዎ። ምነው ሹክሹክታ? አበድሽ?"

"ሐጂራ ናት?"

"ሂጂ እዚያ! ሐጂራ አጭር አይደለች እንዴ?" ሶሲ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ሳቋ ጠፋ። "ይሄን ፀጉር የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ለማን?"

ሶሲ ቀና ብላ የሄርሜላን ፀጉር አየች። ወጥታ ሄደች።

ሄርሜላ ሶኬቱን ነቀለች። ሄጄ ለሐጂራ ባል እውነቱን እናገራለሁ አለች። ጃንጥላዋን ያዘች። በሩ ጋ ስትደርስ ጃንጥላዋን መልሳ አስቀመጠች።

ነገ... ነገ እነግረዋለሁ አለች።

ያኔ ከውጭ እልልታ ሰማች።

ስትወጣ ደጃፏ ተራ የሚጠብቁ ባጃጅ ነጂዎች አንድ ስልክ ከበው ቆመዋል። አንድም የሚስቅ የለም።

"ምንድን ነው የምታዩት?"

ሸኩር የሚባለው ነጂ ቀና አለ። አፈረ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ አሁን በብሉቱዝ የላክሽልን?"

ስልኩን አዞረላት።

የሐጂራ ሰርግ። የሴቶቹ ድንኳን። መሃል ላይ ፀጉሯን ለቃ የምትጨፍረው... ሄርሜላ ናት።

ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጨፈረችም። ካሜራውን ከእጇ አላወረደችም።

"እኔ አይደለሁም..." አለች።

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ካሜራውን የያዘችው ሴት ጣት ሌንሱ ጠርዝ ላይ ታየ።

የሙሽራ ሂና አለበት። ገና አልደረቀም።