ፋኖስ የበራላት ቄብ

«አሁን ይህ የወጣው ተመልሶ ቢገባስ፣ ገብቶ ይቀር ይሆን?»

ዘመኑ የታላቁ ጦርነት ሦስተኛ ዓመት፣ ወሩም ቀን አጥሮ ብርድ የበረታበት ነበር፤ ጥያቄውን ያነሡት አሮጊት መልሱን ከማንም አልጠበቁም፤ ራሳቸውም አያውቁትም። በማድ ቤቱ መስኮት ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት ቡናማ ቄብ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ከጅራቷ ሥር የበሰለ ቲማቲም መስሎ የተገለበጠውን ቀይ ሥጋ ዐይናቸውን አጥብበው ይመለከቱ ነበር። ቄቢቱ በማለዳ ለዕድሜዋ የማይገባ ትልቅ እንቁላል ጥላ፣ እንቁላሉን ተከትሎ መውጫዋ አብሮ ወጥቶ ቀርቷል፤ ሌሎቹ ስድስት ዶሮዎች ደም አይተው ሊጠቀጥቋት ሲረባረቡ ነበር አሮጊቷ ደርሰው የነጠቋቸው።

በዚያ ዓመት ዶሮ ብትታመም ጉዳዩ የባለቤቷ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ነበር። ከተማይቱን ፈንግል አሥግቷት፣ አንዲት የታመመች ዶሮ በተገኘችበት ቤት ጤነኞቹም ጭምር ታርደው እንዲቃጠሉ አዋጅ ወጥቷል። በውስጠኛው ክፍል ደግሞ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከተስቦ ገና ተነሥታ ተኝታ ነበር፤ የድርጎውን ዳቦ ብትቀምስ ይመልሳታል፣ ባቄላው ያስለቅሳታል፤ ሆዷ የሚቀበለው ለስለስ ብሎ የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነው። ከሚገኘው እንቁላል አብዛኛው ወደ ጦር ሆስፒታል ሲሄድ፣ የምትተርፈው አንዲቱ የልጅቱ ነፍስ ነበረች።

«ለብ ያለውን ውሃ አምጪልኝ፣ ልጄ። ጨው ቆንጠር አርጊበት። ስኳሩንም።»

«ስኳሩን?» አለች የልጅቱ እናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ፣ ባሏ ሲናገር ወለል ወለሉን የምታይ ሴት ነበረች። «የወሩ ድርጎ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ስኳር እብጠት ይመጥጣል። እንዲህ አብጦ ብገፋው ይቀደድብኛል፤ ያን ጊዜ አልቅሰን ቀረን። አምጪ ስልሽ!»

አሮጊቷ ቁስሉን በለስላሳ ጨርቅ እያጠቡ የተጣበቀውን ገለባ አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ስኳሩን በተኑበትና መጠበቅ ያዙ። በዚህ መካከል ነው አማቻቸው ከበሩ ላይ ብቅ ያለው።

አማቻቸው የጦር ሠራዊቱ መጋዘን ምክትል ሹም ነበር፤ እኩዮቹ ጭቃ ውስጥ ሲዋጉ እሱን ከግንባር ያስቀረው ይኸው ሹመት ነው፤ በዚህም ያፍራል ተብሎ ሲጠበቅ ይኮራበት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ዶሮ ብርሃን ባየች ቁጥር ትጥላለች የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ፋኖስ ሰቀለ። እንቁላሉ በዛ፤ ማዘጋጃ ቤቱም «አርአያ ቤተሰብ» ብሎ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ስሙን ጻፈ፤ እሱም ወረቀቱ የሚሰቀልበትን ሚስማር ከወዲሁ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ መታ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እነዚህን ግን በፋኖስ ነበር የጣሏቸው።

«ምን ሆነች?» አለ፤ አንድ እግሩን እንኳ አላስገባም።

«ፋኖስህን ወለደች።»

«እማማ፣ በሳይንስ አይቀለድም።»

«ሳይንስህ ቂጧን ገልብጦ ሄደ። ና፣ ክንፏን ያዝልኝ።»

«እኔ? በዚህ ኮት?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አሉና ፊታቸውን ወደ ዶሮዋ መለሱ። ክንፏን የያዘችው ልጃቸው ናት። እብጠቱ ውሃውን አንጠባጥቦ ሲሟሽሽ አሮጊቷ ጣታቸውን ዘይት ነክረው፣ ቄቢቱ ስትተነፍስ እየጠበቁ፣ ስታምጥ እየተዉ፣ ጥቂት በጥቂት ገፉት፤ ገባ። ከዚያም በመዳፋቸው ደግፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «እንግዲህ ጨለማ ነው መድኃኒቷ። በጨለማ ከቆየች አትጥልም፤ ካልጣለች ይድናል። ብቻ ደግሞ ብታስነጥስስ? ዶሮ ታስነጥሳለች እንዴ?»

«መድከም አላስፈለገም» አለ አማቻቸው ሰዓቱን እያየ። «ማለዳ ደሟን እንዳየሁ ለእንስሳት ጤናው ሻምበል ልኬበታለሁ። ቤታችን ፈንግል ገብቷል ብዬ አስታውቄአለሁ።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ይቺ ፈንግል ናት?»

«ሕግ ሕግ ነው፣ እማማ።»

ሻምበሉ ከጦርነቱ በፊት ገበያው መግቢያ ላይ ባርኔጣ ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የእንስሳት ጤና ተቆጣጣሪ ተብለው ማዕረግ ሲለጠፍላቸው ላም ከፊት በኩል እንደምትበላ ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት አልተጠየቁም። የታመመ እንስሳ በታየ ቁጥር አፍንጫቸውን ስለሚሸፍኑ ሰፈሩ «ሻምበል መሐረብ» ይላቸዋል። ገቡ፤ መሐረባቸውን አወጡ፤ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው አዩ።

«ፈንግል ነው» አሉ በመሐረባቸው ውስጥ።

«ጌታዬ፣ ፈንግል የያዛት ዶሮ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል። ይቺ ጥሬ እየለመነችኝ ነው። ጠጋ ብለው በእጅዎ ይመልከቷት።»

«የመንግሥት ሹም እዚያ እጁን አያስገባም!»

«እሱስ ልክ ነው፤ የመንግሥት ሹም እጁን የሚያስገባው ሌላ ቦታ ነው።»

የሻምበሉ ጆሮ ቀላ። ቢሆንም ሰውየው ፈጽሞ ሞኝ አልነበሩም። «ታዲያ ምን አመጣባት ይላሉ?»

«ፋኖስ። ሰውነቷ ሳይጠና ሌሊቱን ቀን አደረጉባት።»

ሻምበሉ ቀስ ብለው ወደ መጋዘን ሹሙ ዞሩ። «ፋኖስ? ሌሊቱን ሙሉ? ለመሆኑ ጋዙን ከየት ያገኛሉ፣ ክቡርነትዎ?»

ለአንድ ቤት በወር የሚታደለው ጋዝ አንድ ኩባያ ነበር፤ ፋኖሱ ያን በሦስት ሌሊት ይጠጣዋል፤ የቀረው ከየት እንደሚቀዳ የሚያውቁት መጋዘኑና ሹሙ ብቻ ነበሩ። የሠራዊት ጋዝ የሰረቀ ሰው ደግሞ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ግንባር። አሮጊቷ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው፤ እንቁላሉ ድንገት ቢቀንስ ማዘጋጃ ቤቱ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም፤ ፈንግል ግን የማንም ጥፋት አይደለምና፣ ዶሮዎቹ በፈንግል ቢቃጠሉ ፋኖሱን የሚጠይቅ አይኖርም።

ሚስቱ ቀና ብላ ዐይን ዐይኑን አየችው።

«ፋኖስ የለም» አለ። «አሮጊት ናቸው፤ ያዩትንና ያላዩትን ያደባልቃሉ።»

«ዶሮ ቤቱ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሄደው ይዩት!» ብለው ጮኹ አሮጊቷ።

ሻምበሉ ግን ሃያ እርምጃ ለመሄድ አልፈለጉም፤ ደግሞም የመጋዘን ሹም ያስቀየመ ሰው ድርጎው እንደሚቀንስ ያውቃሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «እንግዲያው ይፈርሙ። ሰባት ዶሮ፣ ፈንግል። ከቀትር በኋላ ሁለት ወታደሮች ይመጣሉ።»

ፈረመ። ፊርማው ያማረ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ ነበር። ሻምበሉም መሐረባቸውን አጥፈው ሄዱ።

«የልጅህን ጉርሻ ነው የፈረምክበት» አሉት አሮጊቷ።

«እኔ ግንባር ብሄድ ማን ሊያበላት ነው?»

«አሁንስ ማን እያበላት መሰለህ? አንተ? እስከ ዛሬ ያበላቻት ዶሮ ናት!»

ከጦርነቱ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ያሳተመው የከተማይቱ ታሪክ፣ በዚያ የብርድ ወራት ፈንግሉ የተገታው በሻምበሉ ንቃት መሆኑን ይተርካል፤ በዚያም ቤት ሰባት ዶሮዎች መቃጠላቸውን፣ የቤቱ ባለቤትም ሕግ በማክበሩ መመስገኑን ይገልጻል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ወታደሮች ያገኙት ባዶ ዶሮ ቤት ነው፤ ባዶ ነበር ብለው ቢጽፉ ዶሮዎቹን ፈልጉ እንዳይባሉ ፈርተው ገለባውን አቃጠሉና «ሰባት» ብለው ጻፉ። ታሪክ የፈሪዎችን ጽሕፈት በሰም አትሞ ያስቀምጣል፤ በዘይት የራሰችውን የአንዲት አሮጊት ጣት የሚያስቀምጥበት መዝገብ ግን አልተገኘም።

ወታደሮቹ ከመምጣታቸው በፊት የሆነው እንዲህ ነበር። የልጅቱ እናት ትልቁን ቅርጫት አወጣች፤ ስድስቱን ዶሮዎች እግራቸውን አስራ ከተተች፤ ቡናማዋን ቄብ ለብቻዋ በጥቁር ጨርቅ ሸፍና በትንሹ ዘንቢል አኖረች። ከዚያም ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አዘለች። አሮጊቷ ከኋላዋ እየተከተሉ «ወዴት ነው? ወደ አክስትሽ ነው? ወንዙን በዚህ ብርድ? ጆሮዋን ሸፍኚላት፣ ልጄ፤ ኮፍያዋስ? እኔስ ልከተልሽ?» ይሏት ነበር፤ እሷ ግን የእናቷን በዘይት የራሰ እጅ አንሥታ ሳመች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ቅርጫቱ ደረቱን ሲነካው ኮቱ እንዳይቆሽሽ ዞር አለላት። እሷም አልፋው ወጣች።