ዝናብ የማይበግረው ምስል

ኢንስፔክተር ቲዩር ገና ሬሳው ላይ ጎንበስ ከማለቷ የኩባንያው ባለቤት ፓክ ኢስዋንዲ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከጀርባዋ ቆመና፣ «በጓሮ በር ማውጣት ይቻል ይሆን?» ሲል ጠየቃት።

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ። ነገ እንግዶች አሉብን፤ አንድ ሚሊዮንኛውን ደንበኛችንን የምናከብርበት ቀን ነው። ፈቃድ የሚሰጡን የሚኒስቴሩ ሰዎችም ይገኛሉ። ግቢው ደም ደም እንዳይሸት ብዬ ነው።»

ቲዩር ቀና ብላ አየችው። ኩባንያውን ከጅምሩ አብሮት ያቆመ ሰው ጭቃ ላይ ተዘርሮ፣ ይኼ ሰው የሚጨነቀው ለበር ነው። ከቦርሳዋ ትንሿን የባልሳም ሽታ ቅባት ብልቃጥ አውጥታ አፍንጫዋ ሥር ቀባች። ባልደረቦቿ ሬሳ እየሸተታት ይመስላቸዋል። እሷን ግን ሬሳ አስጠልቷት አያውቅም፤ የሚያስጠሏት በሕይወት ያሉት ናቸው።

ላንጊት ቴሌቪዥን የተወለደው እዚሁ ቦጎር፣ ከአንድ አሮጌ የጎማ መጋዘን ውስጥ ነው። እንደኛ ከተማ ዝናብ በማይጠፋበት አገር የሳተላይት ጣቢያ መትከል የጤነኛ ሥራ አይደለም። ግን መሬቱ የኢስዋንዲ አማት ንብረት ስለነበረ በነጻ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው እንደ አረም ተስፋፋ፤ ከሱማትራ እስከ ሱላዌሲ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ የላንጊትን ትንሽ ዲሽ ተሸከመ። ዲሹን ያሳነሱት ርካሽ እንዲሆን ነው፤ ትንሽ ዲሽ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይታወራል። ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ማስታወቂያ ነበር፦ «ላንጊት፤ ዝናብ የማይበግረው ምስል!» ለሠራተኞችም ትእዛዝ ወጣ። ደንበኛ ምስል ጠፋብኝ ብሎ ሲደውል «የእርስዎ ቴሌቪዥን ይታይ» ይባላል፤ «ዝናቡ ነው» ብሎ የተናገረ በዚያው ቀን ይባረራል። ስንቱ ምስኪን ደህና ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ጠጋኝ ቤት እንደተመላለሰ ቤቱ ይቁጠረው።

የሞተው ሰው ዋናው መሐንዲስ ፓክ ዳርሶኖ ነው። ከትልቁ የማሰራጫ ዲሽ ግርጌ፣ ከተደገፈው መሰላል አጠገብ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ የወረደው ኃይለኛ ዝናብ ካባራ ሁለት ሰዓት ቢያልፈውም አሁንም ያንጠባጥባል።

«ግልጽ ነው እኮ ኢቡ» አለ ረዳቷ ሳጅን ኡጃንግ፤ በእኛ አገር የተከበረች ሴት «ኢቡ»፣ የተከበረ ወንድ «ፓክ» ይባላል። «መሰላል ወጣ፤ ዝናቡ አንሸራተተው፤ አለቀ። በጊዜ ቤታችን እንግባ።»

«እግሩን እየው።»

«ነጠላ ጫማ አድርጓል።»

«ሰማያዊ የላስቲክ ነጠላ። ከመቆጣጠሪያው ክፍል በር ላይ ምን አየህ?»

ኡጃንግ ጭንቅላቱን አከከ። በዚያ ክፍል ማሽኖቹ ላይ አቧራ እንዳያርፍ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሰማያዊ ነጠላ ያጠልቃል። ሲወጣ ነጠላውን መልሶ ጫማውን ያደርጋል። የዳርሶኖ የቆዳ ጫማ አሁንም በሩ ላይ ነበር።

«ሶሉን ገልብጠው» አለች።

ገለበጠው። «ጀነት ሲረግጥበት የነበረ ይመስል ንጹሕ ነው።»

«ግቢው ደግሞ ረግረግ ነው። ስለዚህ በእግሩ አልመጣም። ክፍሉ ውስጥ ተመቶ፣ በዕቃ ጋሪ ተገፍቶ ነው የመጣው።»

ክፍሉ ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ሙሉ ስክሪን ነው፤ ከጃካርታ በመሬት ውስጥ ገመድ የሚመጣውን ሁሉ ያሳያል። በሩ አጠገብ የተሰቀለው ቀዩ የእሳት ማጥፊያ የሳሙና ሽታ ይሸታል፤ ቲዩር ሁለቴ አሸተተችው። የበሩ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ያለው በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በባለቤቱ በኢስዋንዲ፣ በሽያጭ ኃላፊው በቦኒ እና በተረኛዋ ቴክኒሻን በቲቲን። ኢስዋንዲ ዝናቡ ወርዶ እስኪያባራ ጃካርታ ውስጥ ከሚኒስቴሩ ሹም ከፓክ ሱርጃና ጋር ነበር፤ ሹሙም በስልክ አረጋገጠ። ሁለት ቀሩ።

ቲቲን ቀጭን ናት። የኩባንያውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ጠዋት ከፓክ ዳርሶኖ ጋር ስትጯጯሁ ዘበኛው ሰምቷል» አለች ቲዩር።

«ነገ ለሚኒስቴሩ ሰዎች እውነቱን እናገራለሁ አለኝ።»

«የምኑን እውነት?»

ቲቲን በሩን አየች። ኢስዋንዲ በሩ ላይ ቆሟል። «የሥራ ነገር ነው ኢቡ። ብቻ ለመንኩት። ጣቢያው ከተዘጋ ልጄን ምን ላብላት ነው ብዬ ጮህኩበት። ክፉ ተናገርኩት።»

«ዝናቡ ሲወርድ የት ነበርሽ?»

«ከኢቡ ኢዮም የላክሳ ሾርባ ቤት። ከዚያ ወጣሁና አንድ የተዘጋ ሱቅ ሥር ተጠለልኩ።»

«በዚያ ዝናብ? ምግብሽን ትተሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ቲቲን ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ወደ በሩ አየች። ኢስዋንዲ ከበሩ ላይ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ታወቀ። በቶሎ ማለቁም ደግ ነው» አለ።

የቲዩር አለቃ በስልክ ሴትዮዋን እሰሪ ብሎ አዘዘ። ኢስዋንዲ ቀድሞ ደውሎለት ኖሯል። ቲዩር ተከራከረች፤ ሰሚ አጣች።

«ልጄ አራት ወሯ ነው» አለች ቲቲን፣ ኡጃንግ ካቴናውን ሲያወጣ። «እናቴ ጋ ናት። ከጡት ሌላ አትቀበልም። እባካችሁ!»

ኡጃንግ ፊቱን አዞረ።

ቦኒን ያገኘችው አዳራሹ ውስጥ ነው። ለነገው ድግስ የመጣውን የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉ እየቀመሰ ነበር፤ ዘይቱ አገጩ ላይ ወርዷል። ፀጉሩ በቅባት ተለጥፏል፤ ሽቶው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል።

«ምስኪን ዳርሶኖ!» አለና ጣቱን ላሰ። «ይቅመሱ እንጂ ኢቡ።»

«ዝናቡ ሲወርድ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ሶፋዬ ላይ! የሴቶቹን የባድሚንተን ፍጻሜ እያየሁ። አይተውታል? ልጃችን የመጨረሻዋን ነጥብ ስታገባ አሰልጣኟ ደስታ አሳብዶት የባላጋራዋን አሰልጣኝ አቅፎ ሳማት! ማን እንደሳመ ሲገባው ጆሮው ቲማቲም መሰለ። በሳቅ ሞትኩ።»

«ያን ጊዜ እኮ ዝናቡ ይወርድ ነበር። እኔ ቤት ሲያካፋ ገና ስክሪኑ ይጠቁራል።»

«የእርስዎ ቴሌቪዥን ይታይ» አለ ቦኒ፤ ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። ከዚያ ሳቀ። «ያ ድሮ ነው። አሁን ቺሳሩዋ ተራራ ላይ ሁለተኛ ጣቢያ አለን። እዚህ ሲዘንብ እሱ ይረከባል። ፈቃዳችን የሚታደሰው እሱን ከሠራን ብቻ ነው ተብለን ነበር፤ ሠራን። እኔ ቤት ምስሉ መስታወት ነው።»

«ጨዋታውን ሬዲዮ አስተላልፎታል? ሌላ ጣቢያስ?»

«ማን ፈቅዶለት!» ደረቱን ነፋ። «መብቱን ብቻችንን ነው የገዛነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ከላንጊት በቀር ያሳየ የለም።»

ቲዩር ባልሳሟን እንደገና አወጣች።

በማግስቱ ማለዳ ላክሳ ቤቱ ገባች። ባለቤቷ ኢቡ ኢዮም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቲቲን ለምን እንደወጣች ስትጠየቅ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እኛ ነን ያስወጣናት፤ አላህ ይቅር ይበለን። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ምስሉ ድርግም! ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ልጅቷ የኩባንያውን ሸሚዝ ለብሳለች፤ ሁሉም በእሷ ላይ ዞረ። 'እናንተ ሌቦች፣ የማይበግረው ይኼ ነው?' አሏት። አንዱ ጨርቅ ወረወረባት። እሷም ምንም ሳትል እያለቀሰች ወጣች።»

«ምስሉ መቼ ተመለሰ?»

«ዝናቡ ሲያባራ ነዋ! ያኔ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ደርሰዋል። ማን እንዳሸነፈ የሰማነው ዛሬ ጠዋት ነው።»

ከዚያ ቲዩርና ኡጃንግ በሞተር ወደ ቺሳሩዋ ወጡ። ሁለተኛው ጣቢያ ከሻይ እርሻው ጀርባ ነው። የሚያብረቀርቅ ነጭ ዲሽ ተተክሏል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያኮራል። ቀርበው ሲያዩት ግን አንድም ሽቦ አልተቀጠለበትም። የማሽኑ ቤት ባዶ ነው፤ ውስጡ ፍየሎች ተኝተዋል። ኡጃንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «በዚህ ነው የሚኩራሩት?» አለ። ቲዩር ጎንበስ ብላ በመሐረብ አንድ ነገር ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እኩለ ቀን ላይ አዳራሹ ሞላ። በመሐል ጠረጴዛ ላይ ለበዓል የሚቆረጠው የቢጫ ሩዝ ክምር በነጭ ጨርቅ ላይ ቆሟል፤ ኢስዋንዲ ጫፉን ሊቆርጥ ቢላዋ ይዟል። ለሟቹ ጸሎት እንኳ አልተደረገም። ፓክ ሱርጃና ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ቦኒ ከጎናቸው ይስቃል። ቲዩር ቲቲንን ይዛ ገባች። ልጅቷ በካቴና ናት፤ ጡቷ ወተት አፍስሶ የሸሚዙ ደረት፣ ልክ የኩባንያው ዓርማ ላይ፣ ርሷል። አንዳንዶቹ እንግዶች ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኢቡ፣ አሁን ጊዜው ነው?» አለ ኢስዋንዲ።

«እንግዶችዎ እያሉ ነው ጊዜው» አለች። «ፓክ ዳርሶኖ ከመሰላል አልወደቀም። የክፍሉን ነጠላ እንዳደረገ፣ በማሽኖቹ ክፍል ውስጥ፣ ኋላ ደሙ በሳሙና በታጠበው የእሳት ማጥፊያ ነው የተመታው። ክፍሉ ተቆልፎ የሚውል ስለሆነ ገዳዩ ቁልፍ አለው። ፓክ ኢስዋንዲ ጃካርታ ነበሩ። የቀሩት ቲቲን እና ቦኒ ናቸው።»

«እኔ ቤቴ ነበርኩ አልኩዎ እኮ!» አለ ቦኒ።

«ብለሃል። ሬሳው ገና ሳይነሳ፣ አሰልጣኙ ማንን እንደሳመ ነገርከኝ። ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ግን በአገሩ የለም። የማሰራጫው ዲሽ ዝናብ ውስጥ ስለነበር ምስሉ ከዚህ ወደ ሰማይ አልወጣም። ላክሳ ቤት አልታየም፤ አንተም ቤት አይታይም። ሬዲዮ አላወራውም፤ መብቱን የገዛኸው አንተ ነህ። ጨዋታው ከጃካርታ ወደዚህ የሚመጣው በመሬት ውስጥ ገመድ ስለሆነ፣ ያን ሰዓት የታየበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ። የሞተ ሰው እግርህ ሥር ተኝቶ ቀና ብለህ አየኸው።»

ቦኒ ከንፈሩን ጠረገ። «ሁለተኛው ጣቢያ ተረክቧል። ምስሉ አልተቋረጠም። አለቃዬን ይጠይቋቸው።»

ቲዩር ወደ ኢስዋንዲ ዞረች። «ይናገሩ እንግዲህ። ጣቢያው ካለ ቦኒ ነጻ ነው፤ ይህች ልጅ እስር ቤት ትበሰብሳለች። ከሌለ ገዳዩ እሱ ነው። አለ ወይስ የለም?»

ኢስዋንዲ ቲቲንን አየ፤ የረሰውን ሸሚዟን አየ። ከዚያ ፓክ ሱርጃናን አየ።

«አለ» አለ። «በደንብ ይሠራል።»

ቲቲን ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፤ አንዲት እናትን ለእድሜ ልክ እስር ሲሸጥ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ቲዩር መሐረቧን አውጥታ ከሩዙ አጠገብ ነጩ ጨርቅ ላይ ፈታችው። የፍየል በጠጥ ተበተነ።

«ከሚሠራው ማሽን ቤት ያገኘሁት ይኼን ነው» አለች። «ፓክ ሱርጃና፣ መኪናዎ ውጭ ቆሟል። ሄደን እንየው?»

ሹሙ ብድግ አሉ። ኢስዋንዲ ቢላዋውን ጣለ። «ቆዩ! ቦኒ ነው። ቦኒ ነው ያታለለኝ! ተሠራ ብሎ የነገረኝ እሱ ነው!»

«እኔ?» ቦኒ ጮኸ። «'ያንን ሽማግሌ አፉን ዝጋልኝ' ያለኝ ማን ነው?»

«አፉን ነው ያልኩት!»

«በቃላት አልዘጋ አለ! ስለምነው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ማሽኑ ዞረ። ምን ላድርግ?»

ይህን ካለ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። እንግዶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከእሱ ሸሹ። ኡጃንግ የቲቲንን ካቴና ፈቶ በቦኒ እጅ ላይ አደረገው፤ ለኢስዋንዲ የሚሆን ሌላ ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

ኢስዋንዲ ላቡን እየጠረገ ወደ ቲቲን ቀረበ። አሁንም አላፈረም። «ቲቲን፣ እህቴ፣ አሁን ማሰራጫውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ ዋና መሐንዲስ ነሽ። ብቻ ለፓክ ሱርጃና ንገሪያቸው፤ ምስላችን በዝናብ አይጠፋም በያቸው።»

ቲቲን ካቴናው የላጠውን እጇን እያሻሸች አየችው። ቲዩር ልጅቷ የምትተፋበት መስሏት ነበር።

«ይጠፋል» አለች ቲቲን፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ትናንት ጠፍቷል። ሁልጊዜም ይጠፋል። ፓክ ዳርሶኖ ይህን ሊናገር ነው የሞተው።»

ከዚያ ወደ ኡጃንግ ዞረች።

«ሞተርህ ነዳጅ አለው? ጡቴ አግቷል። ልጄ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሰች ነው።»

ኡጃንግ ኢስዋንዲን ለቲዩር ትቶላት የሞተሩን ቁልፍ እያወጣ ሮጠ።