ዮዲ ሰኞ አትቃጠልም

ዮዲ በተቀበረች በማግስቱ ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ቃሊቲ ወደሚገኘው የቆዳ ክሊኒክ ሄደች። ሟቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ቆዳዋን የሚያቀርፈው ሶሪያሲስ የተባለ በሽታ ሠርጓ ሳይደርስ እንዲለቃት ሁለት ሕክምና አጣምራ ነበር፤ የባህል መድኃኒት አዋቂው ሀይረዲን የሚቀምመውን የቻይና ቅጠል ትጠጣለች፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ክሊኒኩ የብርሃን ሳጥን ውስጥ ትቆማለች። አንድ ዓርብ ከሳጥኑ ወጥታ ቤቷ ገባች፤ በማግስቱ ገላዋ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ተላጠ። በሳምንቱ አረፈች።

እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ «መርዞ ገደለብኝ» ብለው ሀይረዲንን አሳስረውታል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፀሐይቱን የቸኮለ እስር ያንገሸግሻታል፤ ጠዋት ጣቢያ ስታነጋግረው ሰውየው አልተንተባተበም።

«ቅጠሉ ቆዳን ለብርሃን ያጋልጣል። ስለዚህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ትጠጣ፣ ብርሃኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሁን፣ አርፍዳ ከጠጣች የዚያን ቀን ብርሃኑ ይቅር ብዬ ጻፍኩ። እናትየዋ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡልኝ።»

ብርሃኑን የምትሰጠው ሲስተር ፈለቀች መዝገቧን ዘረጋች። «ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። አንድም ሴኮንድ አልጨመርኩም።»

ፀሐይቱ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሰኞ፣ ደህና። ረቡዕ፣ መቅላት። ዓርብ፣ መቅላት። ሰኞ፣ ደህና።

«ሰኞ በምን ይለያል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ረቡዕና ዓርብ አፌን መረረኝ ብላ የምትጉመጠመጥበት ውሃ ትለምነኝ ነበር።»

«መቅላቱንስ አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ብርሃን ያቀላል ብዬ ነው» አለች ሲስተሯ፤ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ሀይረዲን በካቴና ወደ ክሊኒኩ መጣ። ወይዘሮ በላይነሽም ጥቁር ለብሰው ትይዩ ተቀመጡ።

«ማለዳ አጠጣኋት ብለው ቃል ሰጥተዋል፣ እትዬ በላይነሽ» አለች ፀሐይቱ። «ማለዳ የጠጣ ሰው አሥር ሰዓት ላይ አፉን አይመረውም። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ የጠጣችው እዚህ ልትመጣ ስትል ነው። ሰኞ ጾም የለም። ረቡዕና ዓርብ ግን እርስዎ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀመስም። በዘጠኝ ጠጣች፣ ሠርጉ ስላስቸኮላት ብርሃኑን ሳትተው በአሥር ገባች። ሌላው ሁሉ ትክክል ነበር።»

ሴትየዋ አልካዱም። ፀሐይቱ ካቴናውን ፈታች፤ ሀይረዲን አንጓውን እያሸ መሬት መሬት አየ።

«የንስሐ አባቷን ቢጠይቁኮ ለታመመ ይፈቅዳሉ» አለች ፀሐይቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጾሙን እንድትገድፍ ይፈቅዱላት ነበር» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኋቸው።»