ረግረጉ ላይ የሳቀችው ማን ናት?

«ጭጋጉ ድንገት ወረደና መንገዱ ጠፋኝ» ብለው የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ሂልክያ እነኬዚያ ቤት ቆመው አነበቡ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው። «የድርቆሽ ክምር ሥር ተቀመጥኩ። እህቴን ስለወሰደብኝ እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ከዚያ አንድ ሰው እጁን አናቴ ላይ ያሳረፈ ያህል ቁጣዬ ለቀቀኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ስለሳቅሁም አፈርኩ።»

ኬዚያ በቆሎ መፈልፈሏን አቆመች።

«እህቴን» ከምትለው ቃል በቀር ሁሉም የእሷ ነበር። ነሐሴ ላይ ትኩሳት የወሰደው ታናሽ ወንድሟን ነው። መስከረም ላይ ባሕሩ ዳር ካለው ረግረግ ከአባቷ ጋር ድርቆሽ ስትሰበስብ ጭጋግ ውስጥ የጠፋችው እሷ፣ የሳቀችውም እሷ ናት። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እህቷ ለሞተችባት ጓደኛዋ ለዶርካስ።

«ይህን ምስክርነት አልጠራጠረውም» አሉ ሽማግሌው። ዐይናቸው እርጥብ ነበር። «እዚህም እንግሊዝም ሳለሁ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች ጸጋ እንዴት እንደነካቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የሚዋሽ ሰው እንባ ይጨምራል እንጂ ሳቅ አይጨምርም። ዶርካስን እግዚአብሔር ነክቷታል። ግን ደንብ ነውና ቅርቦቿን መጠየቅ አለብኝ። ንገሪኝ ልጄ፣ የቤተክርስቲያናችን አባል እንዳትሆን የሚከለክል የምታውቂው ነገር አለ?»

እናቷ ከምድጃው ዘወር ብላ አየቻት። ኬዚያ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ላስብበት፣ ጌታዬ» የሚል ነበር።

ሽማግሌው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «መልካም። እስከ ሰንበት አስቢ።»

በሩ እንደተዘጋ እናቷ ወረደችባት። «ምኑ ነው የሚታሰበው? በአንድ መርከብ አብራችሁ የመጣችሁ ልጆች! ይልቅ አንቺስ መቼ ነው መስክረሽ አባል የምትሆኚው? አስራ አምስት ዓመት ሞላሽ። አባትሽ ቤቱን ሸጦ እዚህ ማሳቹሴትስ ጫካ ውስጥ ያመጣን በር ላይ ቆማችሁ እንድትቀሩ አይደለም።»

ኬዚያ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። በዚያ ቀን ምን እንደደረሰባት ራሷም አታውቅም። ሰባኪው ሰይጣንም መጽናናትን አስመስሎ ይሰጣል ይላሉ፤ ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላለች። አሁን ሽማግሌው እያለቀሱ ጸጋ ነው ብለው ፈረዱላት፤ ግን በሌላ ልጅ ስም። ደስ ይበላት ወይስ ትናደድ? ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት፤ የትኛውን መያዝ እንዳለባት ግራ ገባት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ ዶርካስን ጭቃው ላይ ጎንበስ ብላ የሚበላ ዛጎል ስትቆፍር አገኘቻት።

«ሳቄን ሰረቅሽኝ» አለች ኬዚያ።

ዶርካስ ቀና አላለችም። «ሽማግሌው መጡ ማለት ነው።»

«የራስሽ ነገር የለሽም?»

«ቢኖረኝ የአንቺን ምን አስወሰደኝ?» ዶርካስ መቆፈሪያዋን ጭቃው ውስጥ ሰካችው። «ሦስት ዓመት ፈልጌያለሁ፣ ኬዚያ። እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ፤ ውስጤ ጭጭ ነው። አባቴ ማታ ማታ ‹ዛሬስ?› ይለኛል። ከቤታችን ያልመሰከርኩት እኔ ብቻ ነኝ። በጸደይ እሱና ሌሎቹ ወንዙን ተሻግረው አዲሱን መንደር ሲመሠርቱ ‹የመሥራቹ ልጅ ገና ከደጅ ናት› እንዲባል አይፈልግም።»

«እና ዋሸሽ።»

«መጀመሪያ የነገርኩት ለራሴ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስደጋግመው አለቀስኩ። ሲያስለቅሰኝ ጊዜ የእኔም መሰለኝ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ደግሞ አንቺ ‹ምን እንደሆነ አላውቅም› አልሽ እኮ። ዝም ብለሽ ልታበሰብሺው ነው?»

«ዱባ ነው እንዴ የሚበሰብሰው?»

ዶርካስ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «ትነግሪያቸዋለሽ?»

«አንቺ ንገሪያቸው። አሁን ለእኔ ያልሽውን በያቸው፤ ፈልጌ አጣሁ በያቸው።»

«ባዶ እጁን የሄደ ሰው ተቀብለው ያውቃሉ?»

ውሃው መመለስ ጀምሮ ስለነበር ቅርጫቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወጡ።

እራት ላይ አባቷ የተናገረውን አልሰማችም። ዝም ካለች ዶርካስ በሰው ታሪክ ድኛለሁ ብላ ትኖራለች፤ አንድ ቀን ሳትድን ብትሞትስ? ከተናገረች ደግሞ ጓደኛዋን በመንደሩ ፊት ታዋርዳለች። ከሁሉ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ዶርካስ ሦስት ዓመት ስታንኳኳ ማንም አልከፈተላትም። እሷ ሳታንኳኳ ለምን ተከፈተላት?

በሰንበት ጠዋት ሰውን ለጸሎት የሚጠራው የጉባኤው ቤት ከበሮ ሲመታ ሽማግሌ ሂልክያ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዶርካስ ከአባቷ ጋር እዚያው ቆማለች፤ የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ነው።

«አሰብሽበት?» አሉ ሽማግሌው።

ኬዚያ ዶርካስን አየቻት። ዶርካስ ጫማዋን ታያለች። ኬዚያ ከበሮው እስኪቆም ድረስ ጠበቀቻት። ከበሮው ቆመ፤ ዶርካስ አልተናገረችም።

«ጌታዬ፣ ረግረጉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሞተውም ወንድሜ ነው። ግን ከእኔ የበለጠ እግዚአብሔርን የምትፈልገው ዶርካስ ናት። እኔ አልፈለግሁትም ነበር። እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።»

ሽማግሌው ወደ ዶርካስ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ዶርካስ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የአባቷ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። አባቷ ጥሏት ገባ፤ እሷም ትንሽ ቆይታ ተከተለችው።

ሽማግሌ ሂልክያ ወደ ኬዚያ ዞሩ። «እንግዲህ በሚመጣው ሰንበት የምትመሰክሪው አንቺ ነሽ» አሉ። «ያነበብኩት ጸጋ ነው። በማን አፍ ቢነገርም ጸጋ ነው።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ልትሰማው የጓጓችው ይህን ነበር።

«ገና ነኝ፣ ጌታዬ» አለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዶርካስ ስትመሰክር እመሰክራለሁ።»

«ባትመሰክርስ?»

«አላውቅም» አለች ኬዚያ፤ እጅ ነሥታም ገባች።

ገና አባል ያልሆኑት ልጃገረዶች የሚቀመጡት ከኋላ ነው። ዶርካስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

«እዚህ እንዳትቀመጪ» አለች ሳትዞር።

ከፊት ሰዎቹ መዝሙሩን ጀመሩ። ኬዚያ ጥቂት ቆመች። ከዚያ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ትታ ተቀመጠች።